ሞግዚት መራጯ

እትዬ ወሬውን ያወጣችው የልጅ ካልሲ እያጣመረች ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል እንጂ ከካልሲ ክምር መሀል አይወረውርም። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል በኪሎ የሚሸጥ የሚመስላት ቁጥብ ሴት ናት።

«ባለቤቴ በሚሠራበት ከተማ ቤት አግኝቷል» አለች። «ወሩ ሲያልቅ ጠቅልዬ መሄዴ ነው።»

ታናሽ እህቷ ሻይ ልትጠጣ ያነሳችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረባት፤ አለችም፤ አቅፋም ሳመቻት። እትዬ ይህን ያህል ጊዜ ከባሏ ተነጥላ የኖረችው በማን ምክንያት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ግን እያቀፈቻት ሳለ ዓይኗ ከካልሲው ክምር ላይ አልነቀል አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽየዋ ሥራ የራጅ ማሽን መጠገን ነው። በየሆስፒታሉ እየዞረች የቆመውን ታስነሳለች፣ የሚያቃስተውን ዝም ታሰኛለች፤ ነርሶቹም «የማሽን ሐኪሟ» ይሏታል። እሷም ሐኪም መባሉን አትጠላውም። ማሽን ደግሞ ክፉ ነው፤ እሷ ባለችበት ከተማ አይበላሽም። ሁልጊዜ ሩቅ፣ ሁልጊዜ መንገዱ ወገብ በሚቆርጥበት ቦታ ነው የሚበላሸው። ስትሄድ ሳምንትም ከዚያም በላይ ትቆያለች። ቤት ውስጥ ግን ገና አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለች፤ ጉንጮቿ ድንቡሽቡሽ ስላሉ ድንቡሼ ትባላለች። አባትየው ቢጠሩት በማይሰማበት ቦታ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ማውራት ቀለም ማባከን ነው። እስከ ዛሬ እናትየው መንገድ ስትወጣ ልጅቷን የምትይዘው እትዬ ነበረች።

እናትየው አንድ ድክመት አላት፤ ድንቡሼ ስታለቅስ ማየት አትችልም። ስንቱን የተሰበረ አጥንት በፊልም ላይ እያየች የምትውል ሴት፣ የገዛ ልጇ ለንቦጯን ስትጥል አንጀቷ ይላወሳል። ስለዚህ ስትሄድ አትሰናበታትም። ሻንጣዋን ቀደም ብላ ከበሩ ውጭ ታስቀምጣለች፤ እትዬ ልጅቷን በሥዕል መጽሐፍ ትይዝላታለች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ ምድር ቤት ወርዳ ዳቦ ገዝታ እንደምትመለስ ሰው፣ «መጣሁ የኔ ቆንጆ!» ብላ ሹልክ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ደረጃውን እየሮጠች ስለምትወርድ ከኋላዋ የሚሆነውን ሰምታ አታውቅም፤ እትዬም አትነግራትም፣ እሷም አትጠይቅም።

ዋጋውን የምትከፍለው ስትመለስ ነው። ድንቡሼ አትሮጥም፣ አትስቅላትም፤ እቅፏ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቃ ትቆማለች። ኩርፊያዋም ከጉዞ ወደ ጉዞ እየረዘመ መጥቷል። ባለፈው ጊዜ እናቷን «እማ» ብላ እስክትጠራ ድረስ ስንት ቀን ፈጅቶባታል፤ እስከዚያ ውሃ ሲጠማት የምትጠይቀው እትዬን ነበር። እናትየው ይህን ለማንም አላወራችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላዋለች። የምትፈራው ግን ጥርት ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ስትመለስ ልጇ እንደ እንግዳ ተነስታ ወንበር ትለቅላት ይሆናል። አሁን እትዬ ሄዳ ከማታውቃት ሴት ጋር ከተተወች ደግሞ ያ ቀን ሩቅ አይደለም።

በማግስቱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ፣ ገመዱ ተዘርግፎ ሳለ አለቃዋ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ደግነቱን በችኮላ ነው የሚናገረው።

«ወሩ እንዳለቀ ሰኞ መንገድ አለሽ» አለ። «እዚያ ያለው ማሽን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቆሟል። እግሩ የተሰበረ ሰው ሁሉ በመኪና ወደ ሌላ ከተማ እየተላከ ነው።»

«ሌላ ሰው ካለ…»

«ሌላ ሰው ካለ እሱን እልካለሁ፤ አንቺ ዕቃ ግምጃ ቤት ትቀመጫለሽ። ብሎን ትሰጫለሽ፣ ብሎን ትቀበያለሽ። ቁጣ አይደለም፣ የምሬን ነው። ልጅ አለሽ፤ ከፈለግሽ ዛሬውኑ ላዛውርሽ።»

ብሎን ስታድል ራሷን አሰበችው። ከዚያ ደግሞ ያን ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ታጥቃ፣ ሞቷል የተባለ ማሽን ድንገት እምምም ብሎ ሲነሳ፣ ከበሩ ውጭ የተሰለፈው ሰው ሲያጨበጭብ የሚሰማትን አሰበችው።

«እሄዳለሁ» አለች።

አስቀጣሪ ኤጀንሲው ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ታች የስፌት መኪናው በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው በሁለት ስልክ በየተራ እያወራ በቅንድቡ ተቀመጪ አላት።

«አዳሪ ነው ተመላላሽ?»

«አዳሪ።»

«ዕድሜ? ልምድ?»

«ልጄ የምትወዳት ትሁን።»

ሰውዬው ሁለቱንም ስልክ አስቀመጠ። «እሱን እንኳ እኛ አናቀርብም፣ እህቴ» አለ። «እኛ ሰው እንልካለን። ፍቅሩን እዚያው ተስማሙ።»

ዘዴው የታያት ደረጃውን ስትወርድ ነው። ለምን ልጅቷ ራሷ አትመርጥም? ትልቅ ሰው ትልቅ ሰውን በጥሩ ልብስና በጥሩ አፍ ይሸውዳል፤ ልጅን ግን ማንም አይሸውዳትም። የምትመጣው ሴት ከድንቡሼ ጋር አንድ ጠዋት ታሳልፍ፤ ልጅቷ ከተቀበለቻት ተቀበልናት፣ ካለቀሰች በቃ። የማይሳሳት መለኪያ መሣሪያ ያገኘች ያህል ደስ እያላት ቤቷ ገባች። ያቺን «ማንም የማይሸውዳትን» ልጅ በር ላይ ቆማ ስትሸውድ የኖረችው ማን እንደሆነች ለጊዜው ተረስቷታል።

እትዬ መስኮት እየወለወለች ሰማቻት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለችና ወደ መስታወቷ ተመለሰች።

የመጀመሪያዋ ወጣት ነበረች፤ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የተማረች፣ ድምጿም ያማረ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስለ ጫማ ዘፈነች፤ እጇን ስትታጠብ ስለ ሳሙና ዘፈነች። እትዬ ወዲያው «ዘፋኟ» ብላ ስም አወጣችላት። ድንቡሼ አውራ ጣቷን ጎርሳ ስታያት ቆየችና ተረታች። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው ከሶፋ ትራስ ቤት ይሠሩ ጀመር። እናትየው ኩሽና በር ላይ ሆና በልቧ ተመስገን አለች።

ከዚያ የዘፋኟ ስልክ ጠራ። «እናቴ ናት፣ መጣሁ!» አለችና ፈገግ ብላ ወደ በረንዳ ወጣች።

ድንቡሼ የያዘችውን ትራስ ለቀቀችው። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጎረቤት የሚያስወጣ ጩኸት አቀለጠችው። ዘፋኟ ስልኩን ዘግታ እየሮጠች ተመለሰች፤ ዘፈነች፣ አባበለች፣ በመጨረሻም ራሷ ለማልቀስ ደረሰች። ልጅቷ የጠረጴዛውን እግር አቅፋ አሻፈረኝ አለች።

«የሆነ ነገር አይታባታለች» አለች እናትየው፣ ዘፋኟ አንገቷን ደፍታ ከሄደች በኋላ።

«ምን?» አለች እትዬ።

«እኔ እንጃ። ልጅ ግን ያያል።»

ሁለተኛዋ ሃምሳን የተሻገሩ ወይዘሮ ነበሩ፤ ድምፃቸው እንደ ወንድ የጎረነነ። እትዬም «ጎርናናዋ» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ። ሴትየዋ ሊጠየቁ መጥተው ራሳቸው ጠያቂ ሆነው ቁጭ አሉ።

«መንገድ ስትወጪ ለልጅቷ ምን ብለሻት ነው የምትሄጂው?»

«ምንም። ሳታየኝ ነው የምወጣው። እርስዎ በመጽሐፍ ምናምን ይይዙልኛል።»

«እንዴት ነው ነገሩ!» አሉ። «አንቺ አምልጠሽ እኔ ልያዝ? እናቴ የት ሄደች እያለች ቁም ሣጥን ለቁም ሣጥን ስትፈልግሽ የምትውለው እኮ ከኔ ጋር ነው። ወይ ደህና አድርገሽ ተሰናብተሻት ሂጂ፣ ወይ እኔ የለሁበትም።»

እናትየው ደሟ ፈላ። ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው እንዲህ ይናገራል? ግን ዘዴ ዘዴ ነው፤ ልጅቷ ትምረጥ ብላለችና ድንቡሼን ጠራችላቸው። ሴትየዋ ድንቡሼን አላባበሏትም፣ አልዘፈኑላትም። ከሣህኑ ላይ ብርቱካን አንስተው ቅርፊቱን ሳይበጥሱ አንድ ረዥም ገመድ አድርገው ይልጡ ጀመር። ድንቡሼ ቀስ በቀስ ቀረበች። ቅርፊቱ ወለል ሲደርስ አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ሁለተኛውን ብርቱካን ራሷ አምጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

«ቆይ፣ እጄ ተጣበቀ» አሉ ወይዘሮዋ፤ «መጣሁ» ብለውም ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ።

ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጩኸት ሆነ። እጃቸውን አድርቀው ሲመለሱማ ባሰባት፤ የብርቱካኑን ቅርፊት ወረወረችባቸው።

«ልጄ አልወደደችዎትም» አለች እናትየው። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ስትናገር ትንሽ ደስ ብሏታል።

ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ቅርፊቱን ከወለሉ ላይ አነሱ። «ስንት የሰው ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ። «ልጅ አልወደደችሽም ተብዬ ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው።» ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ጉርናኔ ለአፍታ ሳሳ። ከዚያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ልጅሽ ጤና ትሁን ብለው ወጡ።

ሦስተኛዋን እትዬ «ባለጉልበቷ» አለቻት፤ ጉልበት ስላላት ሳይሆን ጉልበቷን ስለሚያማት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ባለጉልበቷ በየፎቁ ቆማ ስታቃስት ከሩቅ ትሰማ ነበር። ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች፤ ዘፍ እንዳለችም ቀረች። ግን ሶፋ ላይ ሆናም ምን ዓይነት ሴት ናት! ተረት በተረት ላይ ትደርባለች፣ እንደ ድመት ትናገራለች፣ እንደ አውቶቡስ ታጓራለች። ድንቡሼ ሆዷ ላይ ወጣች፣ ፀጉሯን ፈታችባት፣ በመጨረሻም እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋቱን ሙሉ ጠብታ እንባ አልታየም።

«አየሽ!» አለች እናትየው።

«ከሶፋው ካልተነሳች ልጅቷን ማን ያጥባታል?» አለች እትዬ።

«ጉልበት በመድኃኒት ይድናል። ፍቅር ግን ከየት ይገዛል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ባለጉልበቷ ጓዟን ይዛ ትንሿ ክፍል ገባች፤ እትዬም በተራዋ ጓዟን ሸክፋ ወጣች። ስትወጣ ድንቡሼን አንስታ ሳመቻትና «ልሄድ ነው» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጅቷ አለቀሰች፣ አፍንጫዋ ተጠረገ፣ ትንሽ ቆይታ ወደ ባለጉልበቷ ሆድ ተመለሰች። እናትየው ይህን አላየችም፤ ኩሽና ገብታ ውሃ ከፍታ፣ የታጠበ ድስት እንደገና እያጠበች ነበር።

ከሰኞው ጉዞ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ድንቡሼ ከሰዓት በኋላ ስትተኛ፣ እናትየው እስቲ ልሞክራቸው ብላ ወጣች። ለመንገድ የሚሆናት ባትሪ ገዛች፤ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጫማ ጠጋኙን፣ የጋዜጣ መደብሩን በር እያለፈች ዝም ብላ ተንሸራሸረች። ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለች የልጇን ሳቅ ሰማች። ከት ከት የሚል፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ ነው። እንዲህ ስትስቅ ከሰማቻት ቆይታለች። ደስታዋ አላስቻላትም፤ የቀሩትን ደረጃዎች ዘልላ፣ በሩን በርግዳ፣

«መጣሁ!» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ድንቡሼ ከሶፋው ላይ ዘልላ ወረደች፤ እናትየው እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን በእጇ ሥር አልፋ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ያንን ጩኸት ለቀቀችው።

«ኧረ ምን ሆነች?» አለች ባለጉልበቷ፣ ከሶፋው ለመነሳት እየታገለች። «አሁን ደህና ስንጫወት አልነበር? አንቺን ስታይ ነው እኮ!»

ክፉ አስባ አይደለም የተናገረችው። ቃሉ ግን እናትየውን ልቧ ላይ ወጋት። ዘዴው የራሷ ነው፣ ሕጉም የራሷ። ልጅቷ ካለቀሰችባት በቃ። በዚህ ሕግ ዛሬ ከዚህ ቤት መባረር ያለባት እሷ ነች። የፈራችው ቀን መጣ፣ እሷ ካሰበችውም ብሶ መጣ፤ ልጇ ወንበር አልለቀቀችላትም፣ ሸሸቻት። ባትሪውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያም ከጠረጴዛው አጠገብ ጋደም አለች።

ልቅሶው ወደ ሳግ ወረደ፣ ሳጉም ቆመ። ልጆች ኀዘናቸውን ሲጨርሱ እንደሚያደርጉት፣ ድንቡሼ ከጎኗ ያገኘችውን የጨርቅ አሻንጉሊት አንስታ መጫወት ጀመረች። አሻንጉሊቷን አቁማ፣ ድምጿን ቀጠን አድርጋ፣ ልክ እንደ እናቷ «መጣሁ የኔ ቆንጆ!» አለችላት። ከዚያ እያዘለለች ወሰደቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠቻት። ጨዋታው አለቀ። አሻንጉሊቷ እዚያው ቀረች።

«የት ሄደች?» አለች እናትየው ቀስ ብላ።

«ሥራ።»

«መጣሁ አላለችም እንዴ? ትመጣለቻ።»

ድንቡሼ እናቷን፣ እንዴት ይሄ አይገባሽም በሚል ዓይን አየቻት። «መጣሁ ብላለች እኮ» አለች። «መጣሁ ካለች አትመጣም።»

እናትየው ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች። «አሁን እኔ በሩን ከፍቼ መጣሁ ስል፣ ምን ላደርግ መሰለሽ?»

«ልትሄጂ።»

ይሄ ቋንቋችን አንዳንዴ ጉድ ነው። መታጠቢያ ቤት ስንገባ መጣሁ፣ ስልክ ልናነሳ ስንወጣ መጣሁ፣ ሰው አስቀምጠን ለሰዓታት ስንጠፋም መጣሁ። ሄድኩ ማለት ይከብደናል፤ ገና እግራችን ሳይወጣ የመመለሻችንን እንናገራለን። ትልቅ ሰው ይህን አብሮት ስላደገ አይሳሳትም። ድንቡሼ ግን ቃሉን የተማረችው ከእናቷ ነው፤ እናቷ ደግሞ መጣሁ ባለች ቁጥር የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቶ፣ ሻንጣው ከቦታው ጠፍቶ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። ልጅቷ አንድም ነገር አልተሳሳተችም፤ የሰማችውንና ያየችውን ነው ያገናኘችው።

እዚያው ወለል ላይ እንደተጋደመች ሁሉም ነገር በየተራ መጣላት። ዘፋኟ ምንም አልነበረባትም፤ እናቷ ደወለችላት እንጂ። ጎርናናዋ ምንም አላጠፉም፤ እጃቸው ተጣበቀ እንጂ። ባለጉልበቷም የተወደደችው ከሶፋው ስለማትነሳ፣ ስለማትነሳም መጣሁ የምትልበት አጋጣሚ ስላላገኘች ነው። ጀማሪ ጠጋኝ እንኳ ማሽኑን ከመውቀሱ በፊት መለኪያውን ምን እንዳሳተው ያጣራል። እሷ ይህን ለስንቱ ስታስተምር ኖራ በገዛ ቤቷ ሰው አባረረችበት። አፈረች፤ ከዕፍረቱ በታች ግን ሌላ፣ የበለጠ የሚያም ነገር ነበር። ልጇ የምታኮርፋት ጠልታት አልነበረም። ቃሏን ማመን አቁማ ነው።

ለባለጉልበቷ ስትነግራት ሴትየዋ ሶፋው እስኪነቃነቅ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጇን ያዘቻት።

«እኔም እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «ከዚህ ሶፋ የምነሳበትን ቀን ስፈራ ነው የሰነበትኩት። ልጅቷ መንገድ ላይ ሮጣ ብታመልጠኝ ማን ይይዝልኛል? ልጅሽን እኔ እወዳታለሁ፤ ጉልበቴ ግን አይወዳትም። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እስክታገኚ አለሁ።»

ኤጀንሲው ሲደወልለት ዘፋኟ ሌላ ቤት ገብታለች አለ። የጎርናናዋን ቤት ግን አሳያት። እሑድ ረፋዱ ላይ እናትየው ድንቡሼን በእጇ ይዛ ሄደች። ቤቱ ከአንድ ላውንደሪ ጀርባ ነው፤ ግቢው በታጠበ አንሶላ ተሞልቶ፣ የሳሙናው ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ወይዘሮዋ በሩ ላይ ቆመው ግቡ አላሏቸውም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች እናትየውና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። እየሰሙ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ስትጨርስ ያ የጎረነነ ሳቃቸው አንሶላዎቹን አልፎ ተሰማ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬያለሁ በይኛ!» አሉ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እሺ፣ አልጠላችኝም። ነገሬ ግን ያው ነው። እያየችሽ ትሄጃለሽ።»

«ታለቅሳለች።»

«ታልቅሳ! ልጅ እናቷ ስትሄድ ካላለቀሰች መቼ ልታለቅስ ነው?»

እናትየው «እሺ» አለች። እሳቸውም ወደ ድንቡሼ ጎንበስ ብለው፣ ጓዳ ልገባ ነው፣ ብርቱካን ይዤ እወጣለሁ አሏት። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች፤ ዓይኗ ጓዳው በር ላይ ተተክሎ ቀረ። ሴትየዋ ብርቱካኑን ይዘው ሲወጡ ቀሚሱን ለቀቀችው።

ሰኞ ጠዋት ባለጉልበቷ ትንሿን ክፍል ለወይዘሮዋ ለቃ ሄዳ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ታች ቆሞ ነበር። ሻንጣው በዚህ ጊዜ ከበሩ ውጭ አልተደበቀም፤ ሳሎኑ መሀል፣ ድንቡሼ ፊት ለፊት ቆሟል። እናትየው ተንበርክካ የልጇን ሁለት እጆች ያዘች። በሕይወቷ ስንት ነገር ተናግራለች፤ እንደዚህ ምላሷ የከበዳት ጊዜ የለም።

«ልሄድ ነው» አለች። «ብዙ ቀን እቆያለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።»

ድንቡሼ ሻንጣውን አየች፣ እናቷን አየች። «የት?» አለች።

እናትየው ደነገጠች። ልጅቷ የት ብላ ጠይቃት አታውቅም፤ መቼ ፊት ለፊት ሄዳባት ታውቅና ትጠይቃለች? «ሩቅ ነው። የታመመ ማሽን አለ።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ገና አላየሁትም።»

ልጅቷ ይህን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ለንቦጯ ወረደ፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ልቅሶው ፈነዳ። ጠረጴዛው ሥር ግን አልገባችም። እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ አትሂጂ አለች፣ ሻንጣውን በእግሯ መታች፣ እንባና ንፍጧን እናቷ ኮሌታ ላይ ጠረገች። እናትየው ይህንን ነበር ስትሸሸው የኖረችው። እንደ ፈራችውም ያማል፤ ብሎን ማደሉ ይሻለኛል እስክትል ድረስ ደረሰች። ወይዘሮዋ መጽሐፍ አላመጡም፣ ብርቱካንም አልላጡም። ልጅቷን ቀስ ብለው ከአንገቷ ላይ ወስደው ደረታቸው ላይ አደረጓትና «አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ» አሏት።

ደረጃውን ሳትሮጥ ወረደች። ልቅሶው በየፎቁ ተከተላት፤ በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው። መኪናው ጋ ስትደርስ ቀና አለች። ወይዘሮዋ ልጅቷን አቅፈው መስኮቱ ላይ ቆመዋል። ድንቡሼ ፊቷ ቀልቶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እያለቀሰች ቁልቁል ታያታለች። እናትየው እጇን አውለበለበች። ልጅቷ እጇን አላነሳችም፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ሁለቱ እንደተያዩ ነበሩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና ፊቷን ሲያይ አዘነላት።

«ምነው፣ ልጅሽ አለቀሰችብሽ እንዴ?»

እናትየው ያን የረጠበ ኮሌታዋን በእጇ ያዘች።

«አለቀሰችልኝ» አለች።